ልምምድ ላይ ሌላ፣ ውድድር ላይ ሌላ፦ የየቀኑን ዝግጅት እንዴት ነው የምታስለምዱት?

ስምንተኛ መም

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉ የመካከለኛ ርቀት ሯጮች አሠለጥናለሁ። 11 ናቸው። ከልምምድ አይቀሩም፣ የተባሉትን ይሠራሉ። ችግሩ የውድድር ቀን ነው። አንዷን ልንገራችሁ። 800 ሜትር ነው የምትሮጠው። ልምምድ ላይ የመጨረሻዋን 200 ስትነሳ ወንዶቹ እንኳን ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የሚከተሏት። ውድድር ላይ ግን አላውቃትም። ባለፈው ስፈልጋት የደረት ቁጥሯን የምትሰካበት መርፌ ቁልፍ ጠፍቷት ሰው ስትለምን አገኘኋት። ሌሎቹ ማሟሟቁን አጋምሰዋል። እሷ ገና የጫማዋን ክር አላሰረችም። ዓይኗ ደግሞ ሰው ላይ ነው። «ኮች፣ ያቺን አየሃት? እግሯን ስታነሳ?» ትለኛለች። ትንሽ ቆይታ «ዛሬ እግር የለኝም» አለች። ሽጉጡ ሳይተኮስ ውድድሩ አለቀ።

ከዛ ያደረግኩትን ስሙ። ቤት ገብቼ አምሽቼ ቅጽ አዘጋጀሁ። 14 ነገር ያለበት! የእንቅልፍ ሰዓት፣ ውሃ፣ ማፍታታት፣ ውድድሩን በሐሳብ መሮጥ፣ ምኑ ቅጡ። በየቀኑ ምልክት ይደረግበታል፣ በሳምንቱ መጨረሻ ለእኔ ይመለሳል። የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሞልተው አመጡ። ሁለተኛውም ደህና ነበር። በሦስተኛው አንዱ ልጅ ወረቀቱን ሲሰጠኝ አውራ ጣቴ ሰማያዊ ሆነ። የሰኞውም የቅዳሜውም ምልክት አንድ እስኪሪብቶ፣ አንድ ዓይነት አጫጫር፣ ቀለሙ እንኳን አልደረቀም። በር ላይ ቆሞ ነው ሰባቱን ቀን የሞላው። ልቆጣ አልኩና ሳቄ መጣ። እውነት ለመናገር 14 ነገር በየቀኑ እኔም አላደርግም።

እና ጥያቄዬ፦ ልጆቹ ሳይገደዱ በየቀኑ የሚዘጋጁት፣ ውድድር ቀን ላይም የሚይዙት ነገር እንዴት ነው የሚገነባው? «በራስሽ ተማመኚ» የሚለውን ብዬዋለሁ። ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ።

ክሎሪን

ኮች፣ ቅጹን ቅደደው።

ዋናተኛ ነበርኩ፣ አሁን ታዳጊዎችን አግዛለሁ። እኔ የነበረኝ አንድ ነገር ነው። ማታ ጥርሴን ከመፋቄ በፊት የዋና ቦርሳዬን አስተካክዬ በር ሥር አስቀምጣለሁ። ፎጣ ከታች፣ መነጽር ከላይ፣ ትርፍ መነጽር ካልሲ ውስጥ። ለውድድር ብቻ አይደለም፣ ለተራ ማክሰኞም። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ውድድር ሲመጣ አዲስ ነገር አልጀምርም። ማክሰኞን ነው የምደግመው። እጄ ጨለማ ውስጥም መነጽሩ የት እንዳለ ያውቃል።

ብዙ አሰልጣኝ ለውድድር ቀን ብቻ የሚሆን ሥነ ሥርዓት ያወጣል። ልጁ ያንን ነገር በዓመት 8 ጊዜ ነው የሚያገኘው። በዓመት 8 ጊዜ የሚደረግ ነገር እንዴት ልማድ ይሆናል?

አንድ ጥያቄ ግን ልጠይቅህ። ልምምድ ላይ የምታሠራቸው ማሟሟቅ ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ነው?

ጥያቄ አለኝ

እኔ ትንሽ ልቃወም። አብሮኝ የሚዘል ልጅ ነበር፣ ርዝመት ዝላይ። ሁልጊዜ ግራ ጫማውን ነው ቀድሞ የሚያደርገው። አንድ ግራጫ ካልሲ አለችው፣ ያለ እሷ አይዘልም። ውድድር በደረሰ ቁጥር «ልማዴን አትንኩብኝ» ነው። አንድ ቀን ካልሲዋ ጠፋች። ቦርሳውን ሣሩ ላይ ገልብጦ ሲበረብር፣ ስሙ ሲጠራ፣ እሱ ሲበረብር። ሦስቱንም ሙከራ አበላሸ።

ስለዚህ ልማድ የምትሉት ነገር አንዳንዴ ፍርሃት ነው፣ ስሙን ቀይሮ የመጣ። አትሌት በባዶ እጁ ገብቶ መወዳደር መቻል አለበት ባይ ነኝ።

ክሎሪን

ካልሲው ላይ እስማማለሁ። ባዶ እጁ የሚለው ላይ አልስማማም።

የቤጂንግን ኦሎምፒክ አስታውስ፣ እ.ኤ.አ. 2008፣ የ200 ሜትር ቢራቢሮ ዋና ፍጻሜ። አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ ውሃ ውስጥ እንደገባ መነጽሩ ውሃ ይሞላ ጀመር። መጨረሻው ላይ ግድግዳውም አይታየውም። ምን አደረገ? ቀዘፋውን ቆጠረ። በየርዝመቱ ስንት ጊዜ እንደሚቀዝፍ ያውቀዋል። ቆጥሮ ደረሰና ነካ። 1:52.03፣ የዓለም ክብረ ወሰን። አሰልጣኙ ቦብ ቦውማን ቀደም ብሎ ሆን ብሎ መነጽሩን አበላሽቶበት ያውቃል፣ እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ ገብቶት።

ካልሲ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነገር አለ። መነጽር ቢጠፋም የማይጠፋ ነገርም አለ። ሁለቱም «ልማድ» ይባላሉ፣ ችግሩ ስሙ ነው።

ልብና እግር

ሥራዬ ከአትሌቶች ጋር በሥነ ልቦና በኩል ነው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ልዩነቱን የምናይበት ቀላል ጥያቄ አለ፦ ይሄ ነገር ቢቀር ምን ይጎድላል? ማሟሟቅ ቢቀር ጡንቻው ቀዝቃዛ ነው። ቦርሳው ማታ ባይዘጋጅ ጠዋት ፍለጋ ነው። ግራጫዋ ካልሲ ብትቀር? ሌላ ካልሲ ይደረጋል። ካልሲዋ ሥራ የላትም።

ድንበሩ ቀጭን የሚሆንበት ጊዜም አለ። የቴኒስ ተጫዋቹ ራፋኤል ናዳል ወንበሩ ሥር ሁለት ጠርሙስ በመስመር ሲደረድር ያላየ የለም። ከውጭ ሲታይ ከካልሲዋ ጋር አንድ ነው። እሱ ግን ዙሪያዬን ሳስተካክል ሐሳቤም ይስተካከላል በሚል ነው የሚያስረዳው። ሐሳብን መሰብሰብም ሥራ ነው። እኔ ብሆን ጠርሙሱን አልነካበትም። ግን ለ15 ዓመት ልጅ ጠርሙስ መደርደር አላስተምርም።

አሁን ወደ ኮች ጥያቄ። «በራስሽ ተማመኚ» ለምን እንዳልሠራ ልንገርህ። የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ሰው «እችላለሁ» የሚለው ከየት መጥቶ እንደሆነ ሲጽፍ አራት ምንጭ አስቀመጠ። ራስህ ሠርተህ ያየኸው፣ እንደ አንተ ያለ ሰው ሲያደርገው ማየት፣ ሌላ ሰው «ትችላለህ» ሲልህ፣ እና ሰውነትህ በዚያ ሰዓት የሚሰማው። ከሁሉም የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው። እኛ ደግሞ ጉሮሯችን እስኪደርቅ የምንለፋው ሦስተኛው ላይ ነው።

የአንተ ልጅ ሥራውን ሠርታለች። ግን እንደሠራች የምታይበት ቦታ የላትም። ውድድር ቀን የምታየው የሌሎቹን እግር ነው፣ የራሷን ሦስት ወር አይደለም።

ሁለተኛ፣ አንድ ነገር ልማድ እስኪሆን ስንት ቀን ይፈጃል? 21 ቀን የሚለውን ሁሉም ሰምቷል። እርሱት። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች፣ ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ፣ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው ነበር። አዲስ ነገር ሳይታሰብበት በራሱ እስኪመጣ አማካዩ 66 ቀን ሆነ። ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ አሰሉ። እኔ የምወደው ሌላውን ግኝት ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ያን ያህል ጉዳት አላመጣም። ቅጽህ ላይ ባዶ የቀረች አንዲት ሣጥን ጥፋት ትመስላለች። ልጁ በር ላይ ቆሞ የሞላውም ለዚህ ነው፣ ዋሾ ሆኖ አይደለም።

ሦስተኛ፣ «በየቀኑ ማስታወሻ ጻፉ» አትበል። መቼ? ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1999 በጻፈው ላይ «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ማሰር ዝም ብሎ ከማቀድ የተሻለ እንደሚሠራ አሳይቷል። «ጫማዬን ስፈታ ደብተሬን አወጣለሁ።» ጫማ መፍታት አይረሳም። የማይረሳው ነገር የሚረሳውን ይጎትተው።

1500

እኔ አሰልጣኝ አይደለሁም፣ ሯጭ ነኝ። ኮቾች አትቆጡ ግን 14ቱን ነገር ማን መረጠው? ኮቹ ብቻውን ነው አይደል?

እኔም እንደዚህ ዓይነት ወረቀት ተሰጥቶኝ ያውቃል። «በየቀኑ 10 ደቂቃ ዓይን ጨፍኖ ውድድሩን ማየት» የሚል ነበረበት። ዓይኔን ስጨፍን እንቅልፍ ነው የሚወስደኝ። ለአንድ ወር ያህል አደረግኩ እያልኩ ጻፍኩ። በኋላ ራሴ መረጥኩ፦ ልምምድ ስጨርስ አንድ መስመር እጽፋለሁ። አንድ ብቻ፣ ሁለት አይፈቀድም። «6 ጊዜ 400 ሜትር፣ 5ኛዋ ከበደችኝ፣ 6ኛዋን አልለቀቅኳትም።» በቃ። ኬንያዊው የማራቶን ሯጭ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ የሠራውን ልምምድ በደብተር እንደሚመዘግብ ሰምቼ ነው የጀመርኩት፣ አልዋሽም፣ መኮረጅ ነው።

ውድድር ዋዜማ ደብተሩን አነባለሁ። አዲስ ምክር አላነብም። «6ኛዋን አልለቀቅኳትም» የሚለውን በራሴ የእጅ ጽሑፍ ሳየው ሌላ ሰው ሊከራከረኝ አይችልም።

ስምንተኛ መም

ክሎሪን፣ ጥያቄሽን ሳልመልስ ሁለት ቀን ቆየሁ። ምክንያቱም መልሱ አሳፈረኝ።

ማሟሟቁን በየቀኑ እቀያይራለሁ። እንዳይሰለቹ ብዬ። ሰኞ ጨዋታ፣ ረቡዕ መሬት ላይ በሚዘረጋ የገመድ መሰላል፣ ዓርብ ሌላ። ውድድር ቀን ላይ ደግሞ «ሂዱ አሟሙቁ» ብዬ እለቃቸዋለሁ። የትኛውን? ልጅቷ ማሟሟቅ የሌላት ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። አንድም ቀን የራሷ የሆነ አልሰጠኋትም።

ስለነሱ ወጥነት ውይይት ከፍቼ የምለዋወጠው እኔ ነኝ። ይሁን፣ ተመዝግቦ ይቅር።

ክሎሪን

አይዞህ ኮች፣ እኔም በዚህ ተይዣለሁ። መሰላልህን አትጣል፣ ወደ መሃል አድርገው። የመጀመሪያው 12 ወይም 15 ደቂቃ ግን እንደ መዝሙር ይሁን። ማንም ሳይጀምርላቸው የሚጀምሩት።

የሯጭ እናት

እንደ ወላጅ ልግባ። ልጄ 16 ዓመቷ ነው፣ 400 ሜትር መሰናክል። ለሦስት ዓመት ቦርሳዋን ያዘጋጀሁላት እኔ ነኝ። ውሃዋን የሞላሁት እኔ፣ ስፓይኳን (ሹል ጥርስ ያለውን የውድድር ጫማ) ያደረቅኩት እኔ። ሰው ሁሉ «እንዴት ሥርዓት ያላት ልጅ!» ይለኛል። አንድ ጊዜ ለሥራ ራቅ ብዬ ሄድኩ። ስልክ ተደወለልኝ፦ «እማዬ፣ ስፓይኬ የለም።» ቤት ነው የቀረው። በልምምድ ጫማዋ ሮጠች።

ያን ቀን የገባኝ፣ ሥርዓት የነበራት እኔ ነኝ። እሷ ተሸካሚ ነበረች። አሁን እጄን አስሬ እቀመጣለሁ፣ በጣም ከባድ ነው። ሁለት ጊዜ ነገር ረስታለች፣ ሁለቴም ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ሦስተኛ አልረሳችም።

ሌላው ወደ ውድድር ስንሄድ መኪና ውስጥ የማወራው ነበር። «ተኝተሻል? በልተሻል? ያቺ ልጅም ትሮጣለች አሉ?» ለካ ፍርሃቴን ነው የማጋባባት። አሁን ሙዚቃውን እሷ ትመርጣለች፣ እኔ እነዳለሁ። ከኋላ ወንበር ላይ በጣቷ ጉልበቷን መታ መታ እያደረገች በመሰናክሎቹ መካከል ያለውን እርምጃ ትቆጥራለች፣ 15፣ 15፣ ከዛ 16። በመስታወቱ አያታለሁ፣ አላወራም።

አንድ ቁጥር

እዚህ ሁሉም ሯጭ ነው እንዴ? 😄 ግብ ጠባቂ ነኝ።

የእኛ ትንሽ ይለያል። ሯጭ ሽጉጥ እስኪተኮስ ይዘጋጃል፣ እኛ ደግሞ 90 ደቂቃ ውስጥ እንደገና እንደገና መዘጋጀት አለብን። ኳስ ካመለጠኝ በኋላ ያሉት 30 ሰከንዶች ናቸው የሚገሉኝ። ስለዚህ ያለኝ ነገር አጭር ናት። ጓንቴን አጥብቄ አስራለሁ፣ ቋሚውን በእጄ እነካለሁ፣ ረጅም ትንፋሽ አወጣለሁ፣ «ቀጣይ» እላለሁ። 10 ሰከንድ አትፈጅም።

ቋሚ መንካቷ ካልሲ ናት የሚል ይኖራል። አይደለችም። ቋሚውን ስነካ ጎሉ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ቦታዬን አስተካክላለሁ። ሥራ አላት።

ግን ስሙኝ፣ ይሄን በጨዋታ ቀን አይደለም የለመድኩት። ልምምድ ላይ ጎል በገባብኝ ቁጥር ነው። ልምምድ ላይ ጎል ሲገባብን እንስቃለን፣ ወይ እንራገማለን፣ ከዛ ቀጣዩ ኳስ ይመጣል። ያችን ቅጽበት ማንም አይለማመዳትም። እኔ በቀን 40 ጊዜ ስለሚገባብኝ በቀን 40 ጊዜ ተለማመድኩ። መጥፎ በረኛ መሆንም ይጠቅማል።

ጥያቄ አለኝ

እሺ፣ ተሸነፍኩ ማለት ይከብደኛል፣ ግን የጓንቷ ነገር ገብቶኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የልማዱን አጭር ቅጂም አስተምሯቸው። መኪና ዘግይቶ፣ የውድድር ሰዓት ተገፍቶ፣ ዝናብ መጥቶ የ35 ደቂቃው ማሟሟቅ 8 ደቂቃ ሲሆን ልጁ የቱን ትቶ የቱን እንደሚይዝ አስቀድሞ ይወቅ። የጓደኛዬ ጥፋት ካልሲዋን መውደዱ ብቻ አልነበረም፣ ያለ ካልሲ ዘሎ አያውቅም። ኪፕቾጌን አንስታችኋል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የበርሊን ማራቶን ላይ የጫማው ውስጠኛ ንጣፍ ወጥቶ እግሩ ጎን እየተንጠለጠለ ነበር የሮጠው። ሁለቱም እግሩ ላይ። 2:04:00 ገብቶ አሸነፈ። ቆሞ ቢያስተካክል ማን ይወቅሰው ነበር?

ስምንተኛ መም

እንቅልፍስ? የኔዎቹ ከውድድር በፊት ያለውን ሌሊት አይተኙም። ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ «አልቆልኛል» ብለው ይመጣሉ።

ልብና እግር

ከውድድር በፊት በደንብ ያልተኛ አትሌት ብዙ ነው፣ ይህን ቀድመህ ንገራቸው። አንድ መጥፎ ሌሊት ብቻውን የሠሩትን አያጠፋም። «አልተኛሁም፣ ስለዚህ አልችልም» የሚለው ሐሳብ ከእንቅልፍ ማጣቱ ይብሳል። የሚቆጠረው ከዚያ በፊት ያለው ሳምንት ነው። በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው የሚመከረው፣ ስለዚህ ሥራው ያለው ሰኞና ማክሰኞ ማታ ላይ ነው። የስታንፎርድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ለሳምንታት አልጋ ላይ 10 ሰዓት ለመቆየት ሲሞክሩ ሩጫቸውም ፈጠነ፣ የቅጣት ውርወራቸውም በ9 በመቶ ተሻሻለ። 11 ተጫዋቾች ብቻ ናቸው፣ አነጻጻሪ ቡድንም አልነበረውም፣ ስለዚህ አታጋንነው። አቅጣጫው ግን ከሌላው ጋር ይሄዳል።

ቡና ወይም ኃይል ሰጪ መጠጥ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ ካለም ጠይቅ። ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል።

እና «ልቤ ይመታል፣ ፈርቻለሁ» ስትልህ «ተረጋጊ» አትበላት። ማንም ተረጋጋ ስለተባለ ተረጋግቶ አያውቅም። ተመራማሪዋ አሊሰን ውድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች ከመዝፈናቸውና ንግግር ከማድረጋቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» እንዲሉ ሲደረግ፣ «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ሠሩ። የልብ ምቱ ያው ነው። የተሰጠው ስም ነው የተለየው። ይህም ቢሆን በመጀመሪያ የሚሞከረው ልምምድ ላይ ነው፣ ለምሳሌ ከከባድ ሰዓት ሙከራ በፊት።

ስምንተኛ መም

ከ7 ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ውይይቱ ወደ ታች ሰምጦ ነበር፣ ቆፍሬ አወጣሁት።

ቅጹን ቀደድኩ። እነሱ ፊት። አጨበጨቡ፣ ትንሽ ከልክ በላይ።

ከዛ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። «ውድድር ቀን ላይ ምን ቢኖር ሌላ ነገር ባያሳስባችሁ?» ነው ያልኳቸው። ብዙ ተባለ፣ ተከራከርን፣ ሦስት ቀረ። ቦርሳ ማታ። ማሟሟቅ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል፣ ያለ እኔ። ጫማ ሲፈታ አንድ መስመር። ደብተሩን አላይም ብዬ ቃል ገባሁ፣ ካላሳዩኝ በቀር። አንድ ቀን ለዘለለ ጥያቄ የለም። ሁለት ቀን በተከታታይ ከዘለለ ከሌሎቹ አንዱ ይጠይቀዋል፣ እኔ አይደለሁም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያለ እኔ መጀመር አቃታቸው። ቆመው ያዩኛል። እኔም እጄ ይበላኛል፣ ፉጨቱ አፌ ላይ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጥግ ሄጄ ኮኖቹን መደርደር ጀመርኩ፣ የተደረደሩትን አንስቼ እንደገና እደረድራለሁ፣ ላለማየት። ቀና ስል ጀምረዋል።

በየሁለት ሳምንቱ አንድ «የተበላሸ ቀን» አለን፣ ከ«ጥያቄ አለኝ» የወሰድኩት ነው። ሰዓቱን በድንገት አስጠጋለሁ፣ ወይም ከሜዳው ግማሹን እዘጋለሁ። አጭሯን ማሟሟቅ ያወጧት ራሳቸው ናቸው፣ 9 ደቂቃ። መጀመሪያ አኮረፉ። አሁን «ዛሬ ነው እንዴ የተበላሸው?» እያሉ ይመጣሉ።

ልጅቷ ባለፈው ሳምንት ተወዳደረች። ተዓምር አትጠብቁ። 5ኛ ወጣች፣ የራሷን ምርጥ ሰዓት በ0.4 ሰከንድ አጣችው። ግን አራት መርፌ ቁልፍ ቦርሳዋ ማንገቻ ላይ ተሰክተው መጡ፣ አራቱም በአንድ መስመር። ሌሎቹን አሁንም አየች። አየችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ «ኮች፣ አየሃት?» ሳትለኝ። መጨረሻው 200 ላይ ተነሳች፣ ሁለት ሰው አለፈች። ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር ላይ ያቺን ልጅ አየኋት፣ የልምምዷን።

በር ላይ ቆሞ የሞላው ልጅ ደብተሩን በራሱ ፈቃድ አሳየኝ። አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ዝናብ። ሮጥኩ። ጠላሁት።» በማግስቱ፦ «ዝናብ። ሮጥኩ።» አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

የሯጭ እናት

«ዝናብ። ሮጥኩ።» 😂 ልጄን አስነበብኳት፣ ግድግዳዋ ላይ ልትለጥፈው ነው።

ስምንተኛ መም

አሁን አዲስ ችግር አለብኝ። ማሟሟቁን ጨርሰው ኮል ሩም (ሯጮች ወደ መሙ እስኪጠሩ የሚጠብቁበት ክፍል) ይገባሉ። እዚያ ቁጭ። አንዳንዴ 15 ደቂቃ፣ አንዳንዴ ከዛም በላይ። እኔ አልገባም። ልጅቷ «የፈራሁት እዚያ ነው» አለችኝ። ከተፎካካሪዎቿ ጋር ፊት ለፊት፣ ማንም አያወራም።

1500

ኮል ሩም የራሱ ዓለም ነው። አንዱ እግሩን ያንቀጠቅጣል፣ አንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዱ ሆን ብሎ ይስቃል። እኔ ወለል ላይ አንድ ነጥብ መርጬ ትንፋሼን ስቆጥር ነው የሚቀለኝ። እና ተነሱ ሲባል ሳይሆን ከዚያ በፊት መነሳት፣ ባሉበት መርገጥ።

ክሎሪን

ሰውነቱም ዝም አይልም። 15፣ 20 ደቂቃ ከተቀመጡ የሞቀው ጡንቻ መቀዝቀዝ ይጀምራል። እኛ ገንዳ ዳር ወፍራም ጃኬት እስከ መጨረሻው ደቂቃ አናወልቅም ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር፦ ልብሱ አይወልቅ፣ በየጥቂት ደቂቃው እንቅስቃሴ። ቁርጭምጭሚት ማዞር፣ ተነስቶ ተረከዝ ማንሳት፣ ቦታ ካለ አጭር ዝላይ። ይህም እንደሌላው ነው፣ ማክሰኞ ላይ ካልተሠራ እዚያ ውስጥ አይታወስም።

ስምንተኛ መም

እንግዲያው ማክሰኞ ከማሟሟቅ በኋላ ወንበር ደርድሬ 15 ደቂቃ አስቀምጣቸዋለሁ። ፊት ለፊት። ስልክ የለም፣ ወሬ የለም። ከዛ በቀጥታ 600 ሜትር በሰዓት።

አንድ ቁጥር

ይጠሉሃል።

ጥያቄ አለኝ

ወንበሩ የፕላስቲክ ይሁን፣ ደግሞም አንዱ እግሩ አጭር የሆነው። እና ኮች፣ አንተም አብረህ ቁጭ በል።